ስለ ጋሼ ብቻ ጻፊልኝ

ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሐዋሳ፣ ታቦር

ለልጄ ለሄራን፤

እንደምን ከርመሻል? የሠመራ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኔ ደህና ነኝ። ብጣሽ ወረቀትሽን ሹፌሩ ወንድሙ ትናንት ከጅቡቲ ሲመለስ አምጥቶ ሰጠኝ። ከከባዱ መኪና ሳይወርድ በመስኮት ነው ያቀበለኝ። «ሎጊያ ድረስ በባጃጅ መጥታ ሰጠችኝ። ሌላ መልእክት የለሽም ወይ ብላት የለኝም አለች» አለኝ። ከስታለች ወይ ብዬ ስጠይቀው «እኔ የሰው ልጅ አልመዝንም፣ ቡና ነው የምጭነው» ብሎ ሳቀ። ወዲያው መሳቁ ራሱን አስደነገጠው። ሰው አሁንም እኔ ፊት ሲስቅ ይደነግጣል።

ወረቀትሽ አንድ መስመር ተኩል ነው። ስልክ እንዳልደውል፣ ስለ ወንድምሽም ስለ ቀብሩም እንዳላነሣ፣ ስለ ጋሼ ብቻ እንድጽፍልሽ። እሺ። እንደምታውቂው ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። እጄም ለጽሑፍ ቀርፋፋ ነው። ይህን ከቁርስ በኋላ ጀምሬ ይኸው ምሳ ሰዓት ሊደርስ ነው። ቢሆንም እጽፋለሁ።

ወንድሙ «ጋሼ ማነው? ሽማግሌ ዘመድ ቤት ውስጥ አለ እንዴ?» አለኝ። ወረቀትሽን አንብቦታል ማለት ነው። እንሽላሊት ነው አልኩት። ልጄ አልአዛር እዚሁ አዲስ ከተማ በነበረው የኤሌክትሮኒክስ መጠገኛው አንዲት የውጭ አገር አስተማሪ የእንስሳዋን መብራት ልታሠራ እየመጣች ተላመዱ፤ አገሯ ስትገባ ከነመስታወት ሳጥኑ ለእሱ ትታለት ሄደች፤ አገጩ ሥር እንደ ጺም የሚነፋ ነገር ስላለው ልጄ ጋሼ አለው ብዬ አስረዳሁት። ወንድሙ ራሱን ነቀነቀ። «የአፋር መንገድ ላይ እኮ እንዲህ ያለውን በጎማ ስንቱን…» ብሎ ጀመረና ተወው።

ጋሼ ደህና ነው። ሰላጣ ይበላል። ስለ እሱ አታስቢ።

ትምህርትሽን በርትተሽ ያዢ።

እናትሽ ካሰች


ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሐዋሳ

ሄራንዬ፤

እንዴት ሰነበትሽ? አራት ነገር ጠይቀሻል። ቀለሙ ምን ይመስላል፣ ድንጋዩ ላይ ይወጣል ወይ፣ ፌንጣ ይይዛል ወይ፣ መብራቱ ጠዋት ጠዋት ይበራል ወይ ብለሻል። የአንዱንም መልስ አላውቅም ነበር።

ይቅር በዪኝ፣ ባለፈው ዋሽቼሻለሁ። ያን ደብዳቤ ስጽፍልሽ ጋሼን በቅጡ ካየሁት ብዙ ቀን ሆኖኝ ነበር። ሰላጣውን ፊቴን አዙሬ ነው የምጥልለት። ዓይኑን ማየት አልቻልኩም። እሱ የሚያየው ልጄን ነበር።

ስለ መብራቱ የሆነውን ልንገርሽ። ለቅሶ ደራሹ ድንኳን ውስጥ ሞልቶ ሳለ የአልአዛር ክፍል መስኮት ቦግ ብሎ ይታያል። ጠዋት በራሱ በርቶ ማታ በራሱ እንዲጠፋ አድርጎ የሠራው እሱ መሆኑን ታውቂያለሽ። ቴሌቪዥኑ ተሸፍኗል፣ ራዲዮ የለም፣ ሁሉ ነገር ዝም ብሏል፣ ያ መብራት ግን የሚሰማው ነገር የለም። ከእድሩ ሴቶች አንዷ ለጓደኛዋ «የሰርግ ቤት አስመሰለው እኮ» ስትል ሰማኋት። ለክፋት አልነበረም። እኔ ግን አፈርኩ። ልጇ ሞቶ መብራት ደርድራለች የምባል መሰለኝ። ተነሥቼ ገባሁና ገመዱን ነቀልኩት። መጋረጃውን ዘጋሁ፣ ሳጥኑንም በወንድምሽ ጋቢ ሸፈንኩት። ሰዎቹ ከሄዱ በኋላም አልሰካሁትም። ሰው ቤት መብራት ለጌጥ ነው፤ የእሱም እንደዚያ መሰለኝ።

ሃምሳ ሁለት ቀን ጨለማ ውስጥ ቆየ።

ወረቀትሽ እንደደረሰኝ ጋቢውን ገለጥኩ። የፊት እግሮቹ ጣቶች ይንቀጠቀጣሉ። የኋላዎቹን ይጎትታቸዋል እንጂ አይረግጥባቸውም። መንጋጋው አብጧል። ጺሙ እንደ ከሰል ጠቁሯል። ቀደም ብዬ የጣልኩለት ሰላጣ አጠገቡ ደርቋል። አንድ ዓይኑን ገልጦ አየኝና መልሶ ከደነው።

መብራቱን ሰካሁት፣ አልበራም። ምን እንደሆነ የሚያውቀው ወንድምሽ ነበር።

ፈርቻለሁ ሄራን። እንስሳ ነው እያልኩ ለራሴ እነግረዋለሁ፣ ግን ከአጠገቡ መነሣት አልቻልኩም። ምን ላድርግ? ትንሽ ልጠብቅ ወይስ ምን ይሻላል? ወንድሙ ነገ ይነሣል። መልስሽን ቶሎ ላኪልኝ።

እናትሽ


ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሠመራ

እማ፤

ደብዳቤሽ ዛሬ ደረሰኝ።

ብርሃን ካላገኘ ሰውነቱ ካልሲየም አይዝም። አጥንቱ እየለሰለሰ ነው። መንቀጥቀጡም መንጋጋውም ከዚያ ነው።

«ትንሽ ልጠብቅ» ብለሽ ጽፈሻል። ያን ቃል ሁለተኛ እንዳላየው። ይህ ወረቀት በደረሰሽ ሰዓት ሐኪም ጋ ውሰጂው። ነገ አትበዪ። ጸሎት ላስደርግ አትበዪ። እስኪነጋ አትበዪ።

ስታነሺው ከደረቱ ሥር በመዳፍሽ ደግፊው። ጅራቱን አትያዢ። አይነክስም።

ከሞተ አትጻፊልኝ።

ሄራን


ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሐዋሳ

ልጄ ሄራን፤

ወረቀትሽ ረቡዕ፣ በገና ማግስት፣ ስድስት ሰዓት ላይ ደረሰኝ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ባጃጅ ውስጥ ነበርኩ።

እስከዚያች ቀን ነክቼው አላውቅም። እጄን ሁለት ጊዜ ወደ ሳጥኑ አስገብቼ ሁለት ጊዜ አወጣሁት። በሦስተኛው እንዳልሽው በመዳፌ አነሣሁት። ይቆረቁራል ብዬ ነበር፤ ሆዱ ግን የሕፃን ጉንጭ ይመስላል። ይህን ማንም አልነገረኝም። በፎጣ ጠቅልዬ ጫማ ካርቶን ውስጥ አደረግሁት።

የባጃጁ ሹፌር በመስታወት እያየኝ «እናቴ፣ የበዓል ዶሮ ተረፈ እንዴ?» አለኝ።

«ዶሮ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድነው?»

«በሽተኛ ነው» አልኩት። ከዚያ በኋላ አልጠየቀኝም፣ ጉድጓድ ሲያገኝ ግን ቀስ ይል ጀመር።

የከብት ሐኪም ቤቱ ደጅ ወረፋ ነበር። ከፊቴ ከቱላ ጥጃ ይዞ የመጣ ሰውዬ ቆሟል። «ምን ይዘሻል እህቴ?» ሲለኝ ክዳኑን ትንሽ ከፈትኩለት። ዘሎ ከጥጃው ኋላ ሄደ። «ይሄ ይታከማል?» አለ ከዚያው ሆኖ።

«እንጃ። ይታከማል ብለውኝ ነው።»

«ያንቺ ነው?»

«የልጄ ነው።»

ጥቁር ልብሴን አየ፣ ካርቶኑንም አየ። ከዚያ የጥጃውን ገመድ ስቦ ወደ ጎን ቆመና «ግቢ፣ ግቢ፤ የኔው ይደርሳል» አለኝ።

ሐኪሙ ዶክተር ደሳለኝ ይባላል፣ ወጣት ነው። ፎጣውን ገልጦ አየው። «እማማ፣ እውነቱን ልንገርዎት። እኔ የማክመው ላም፣ በግ፣ ዶሮ ነው። ይህን በመጽሐፍ ላይ ብቻ ነው የማውቀው። ብገድልብዎትስ?»

«እኔ ጋ ከሆነማ መሞቱ ነው ዶክተር» አልኩት። «እርስዎ ካሉበት ቢያንስ ሁለት እንሆናለን።»

ፎቶ አንሥቶ ለአስተማሪው ላከ፣ ከዚያ ደወለለት፣ ብዙ አወሩ። እየሰማ የጋሼን መንጋጋ በጣቱ ጫፍ ይዳስሳል፣ የኋላ እግሩን ዘርግቶ ያያል። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ስንት ቀን ብርሃን ሳያይ እንደቆየ ጠየቀኝ። መብራቱ ከጠፋ ስልሳ ሁለት ቀን ሆኖታል አልኩት። ወረቀቱ ላይ ጻፈው። ሲጽፈው ሳይ ፖሊስ ጣቢያ ቃሌን የምሰጥ መሰለኝ።

የታዘዘው ይህ ነው። ፈሳሽ ካልሲየም መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በአፉ ጥግ በኩል በጠብታ ይሰጠዋል። ለብ ያለ ውኃ ውስጥ በየቀኑ ይነከራል። ፀሐይ ደግሞ በመስታወት ውስጥ የገባ ሳይሆን በቀጥታ ቆዳው ላይ የምታርፍ መሆን አለባት። የታመመ ሰው ከፀሐይ እንደሚከለል ነበር የማውቀው። «ሁለትና ሦስት ሳምንት እንይ» አለኝ ዶክተሩ። «በራሱ አድኖ መብላት ከጀመረ ይተርፋል። ካልጀመረ…» አለና ፎጣውን መልሶ ጠቀለለው።

ከሞተ አትጻፊልኝ ብለሻል። አንብቤዋለሁ።

እናትሽ


ጥር 6 ቀን

ሄራንዬ፤ ወንድሙ መኪናው አዋሽ ላይ ተበላሽቶ ቆሟል አሉ። እስኪመጣ ድረስ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጻፍኩ አቆይልሻለሁ።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ግቢው ውስጥ ምንጣፍ አንጥፌ ጋሼን ይዤ እቀመጣለሁ። ከቀብሩ ወዲህ ደጅ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው። ዛሬ ጭልፊት መጣ። ክንፉን ሳያንቀሳቅስ ከቤታችን በላይ ሦስት ጊዜ ዞረ። ጃንጥላ እንዳልይዝለት ፀሐይዋን ይከለክለዋል። በአንድ እጄ እሱን፣ በሌላው የመጥረጊያ እንጨት ይዤ ሰማይ ሰማይ ሳይ ዋልኩ። ጎረቤት በአጥር አይቶኝ ምን እንዳለ አላውቅም።

ጥር 8

ዶክተሩ ፌንጣ ያቅምሱት ስላለኝ ታቦር ኮረብታው ጥግ ሄድኩ። ነጠላዬን አገልድሜ ሣር ውስጥ ሳጎነብስ ሁለት የማውቃቸው ሴቶች ደረሱብኝ። «ምን ጠፍቶብሽ ነው ካሰች?» አሉኝ። ፌንጣ አልኳቸው። ተያዩ። አንዷ ክንዴን ያዝ አድርጋ «ነይ ቤት እናድርስሽ» አለችኝ፣ ድምጿን እንደ በሽተኛ አስታማሚ ዝቅ አድርጋ። በኀዘን አእምሮዋ ተነካ ብለው ያስቡ። አራት ያዝኩ። እንደ ቅጠል ጨፍልቄ በውኃ አቅጥኜ በሲሪንጅ ሰጠሁት። ግማሹን ተፋው።

ለጓደኛዬ ለታቢታ ወሬው ደርሷታል መሰለኝ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ መጣች። ልጸልይልሽ ብላ ተንበረከከች። ጋሼን ጭኔ ላይ ስታየው «ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ዛሬ ዓይኔን ገልጬ ነው የምጸልየው» አለች። ሳቅ ከመጣብኝ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር። መልሼ ዋጥኩት።

ጥር 11

ዛሬ ቀዝቅዞ አገኘሁት። አፉ በትንሹ ተከፍቷል፣ ጺሙ እስከ ደረቱ ጠቁሯል። ሆዱን አየሁ፣ አይንቀሳቀስም። ጠራሁት። በምን ስም እንደጠራሁት አልነግርሽም።

የመጣልኝን ሐሳብ ልንገርሽ፤ ካልጻፍኩት ይበላኛል። ከሞተ ቀብሬው ዝም እላለሁ፣ ለሄራን ግን ሰላጣ በላ፣ ፀሐይ ሞቀ እያልኩ እጽፍላታለሁ አልኩ። እሷም ትመልስልኛለች። ዓመት ሙሉ እንደዚያ ማድረግ እንደምችል ሳውቅ ራሴን ፈራሁ።

ወደ ዶክተሩ ደወልኩ፣ አላነሣም። ሌላ ሰው ጋ አልደወልኩም። በልብሴ ውስጥ ደረቴ ላይ አስገብቼ እየሄድኩ ባጃጅ ለመንኩ። ሐኪሙ ደጅ ላይ ስደርስ ጥፍሩ ቆዳዬን ሲይዘኝ ተሰማኝ። ዶክተሩ ወጥቶ «ምነው?» አለኝ። «ያዘኝ፣ ያዘኝ» ብቻ አልኩት።

ውኃ አጥሮት ነበር። ከቆዳው ሥር መርፌ ወጋው። ይህን ከጻፍኩ በኋላ ደግሞ ወደ ሳጥኑ ሄጄ አየዋለሁ።

ጥር 14

አለ። የጣቶቹ መንቀጥቀጥ የቀነሰ ይመስለኛል። ወይም ዓይኔ ፈልጎ ነው። የሰጠሁትን ይውጣል፣ በራሱ ግን ምንም አልበላም። ፌንጣ ፊቱ ሳስቀምጥ እንደማያውቀው ሰው ያየዋል። ወንድሙ ነገ ያልፋል፣ ይህን እሰጠዋለሁ። ሁለተኛው ሳምንት ዛሬ ሞላ፤ የቀረው ሦስተኛው ነው።

እናትሽ


ጥር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሠመራ

እማ፤

የጥር ስምንቱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የጥር አሥራ አንዱን አንድ ጊዜ፤ ደግሜ ማንበብ አልቻልኩም።

በራሱ በላ ወይ ብዬ አልጠይቅሽም፣ መልሱን ፈራሁ። ሌላ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ራሴ ያወጣሁትን ሕግ ራሴ ላፍርስ።

የዚያን ሐሙስ ማታ ደውለሽልኝ ነበር። «አልአዛር ሆዱን በቀኝ በኩል አሞታል፣ ትኩሳትም አለው፣ ምን ላድርግ?» አልሽኝ። በማግስቱ ፈተና ነበረኝ። የሦስተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ነኝ እማ። ትርፍ አንጀት ምን እንደሚመስል በዚያው ሳምንት ተምሬዋለሁ። ጆሮዬ ላይ ስልክ፣ ፊቴ ላይ ደብተር ይዤ «ጨጓራ ነው፣ ትኩስ ነገር ይጠጣና ይተኛ፣ እስኪነጋ ጠብቂ» አልኩሽ። ዓርብ ምን እንደሆነ፣ ቅዳሜ ሆስፒታል ስትደርሱ አንጀቱ መፈንዳቱን፣ እሑድ ምን እንደመጣ ሁለታችንም እናውቃለን።

ከዚያ መጥቼ ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት «ለምን ቶሎ አልወሰድሽውም?» ብዬ ጮህኩብሽ። አንቺ አንገትሽን ደፋሽ። አንድ ቃል ብትናገሪ ያ ሁሉ ሰው ወደ እኔ ይዞር ነበር።

ለምን ዝም አልሽ? ለማን ነገርሽ? ስልክሽን የማላነሣው ስላስቀየምሽኝ አይደለም። አንድ ቀን ትናገሪዋለሽ ብዬ ነው። ስለ ጋሼ ብቻ ጻፊልኝ ያልኩሽም ለዚያ ነው።

ሄራን


የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሐዋሳ

ልጄ ሄራን፤

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አራት ቀን ሆነኝ። ሦስት ወረቀት ጀምሬ ቀድጃለሁ። ይህ አራተኛው ነው።

መጀመሪያ የጋሼን። ቅዳሜ ጠዋት ምንጣፉ ላይ አስቀምጬው ሲሪንጁን ልሞላ ዞር ስል አንዲት ፌንጣ ከካርቶኑ አመለጠች። አንገቱን ዘንበል አድርጎ አያት። ከዚያ በአራቱም እግሩ ተነሣ፤ የኋላዎቹ ይንገዳገዳሉ ግን ረገጠባቸው፤ ሁለት እርምጃ ሄዶ ያዛት። ሲያኝካት ሰማሁ። ዛሬ ሦስት በላ። የጺሙ ጥቁረት ለቆታል። ዶክተር ደሳለኝ አይቶት «የኋላ እግሩ ትንሽ እንደተጣመመ ይቀራል፣ እሱ ግን ይኖራል» አለኝ።

ይህን ልደብቅሽ አስቤ ነበር። ከዳነ በኋላ የምትጠይቂኝ ነገር የሚያልቅ መሰለኝ። ሦስት ከበላ አንድ በላ ብዬ ልጽፍ፣ እስከ ክረምት ላስታምመው አስቤ ነበር። አንደኛውን ወረቀት የቀደድኩት ለዚያ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ለማንም አልነገርኩም። ዝም ያልኩት ግን አንቺን ልሸፍን ብቻ እንዳይመስልሽ፤ እንደዚያ ብታስቢልኝ ደስ ባለኝ፣ ግን አይደለም።

ያን ሐሙስ ማታ ከአንቺ በፊት ለታቢታ ደውዬ ነበር። ነገሩን ስነግራት «አሁኑኑ ውሰጂው ካሰች፣ እኔም መጣሁ» አለችኝ። አይ ቆይ፣ ተኝቷል አልኳት። አልተኛም ነበር። አባታችሁ በእግሩ ሄዶ ሆስፒታል ከገባ በኋላ ያወጣነው በቃሬዛ ነው። ያን በር እፈራለሁ። ለአንቺ የደወልኩት ምን ላድርግ ልልሽ አልነበረም። ምንም አይደለም የሚለኝ ሰው ፈልጌ ነው። ደብተር ስትገልጪ በስልኩ ይሰማኝ ነበር። ቸኩለሻል፣ ቶሎ ትመልሺልኛለሽ ብዬ ነው የደወልኩት። አንቺም ውሰጂው ብትዪኝ ሌላ ሰው እፈልግ ነበር።

ድንኳን ውስጥ ስትጮሂብኝ አንገቴን የደፋሁት እውነት ስለ ተናገርሽ ነው። ታቢታም እዚያው ተቀምጣ ነበር፣ ምንም አላለችም። እስከ ዛሬ አላለችም። መጥታ ትጸልይልኛለች።

ጥፋቱን ለሁለታችን ማካፈል አልችልበትም። አንቺ ሃያ አንድ ዓመትሽ ነው፣ ሩቅ ነበርሽ፣ የነገርኩሽንም ግማሹን ነው የነገርኩሽ፤ ማስመለሱን አልነገርኩሽም። ይህን ዛሬ እወቂው። ከዚህ በኋላ ልትጠዪኝ ትችያለሽ ብዬ ፈርቻለሁ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ወረቀት የቀደድኩት ለዚህ ነው።

ጋሼ አሁን መስኮቱ ሥር ነው። መጋረጃውን ነቅዬ አንሥቼዋለሁ። ከእንግዲህ ስለ እሱ የምጽፍልሽ በላ፣ ተኛ፣ ፀሐይ ሞቀ ነው። ጥሩ ወሬ ነው፣ ግን አጭር ነው፤ ወረቀቱ ይተርፈኛል። በተረፈው ስለ አልአዛር ልጽፍልሽ እፈልጋለሁ። ስለ መጨረሻው ሳምንት አይደለም። ስለ ሌላው ጊዜ፣ አንቺ ስለማታውቂው፣ እኔም ለማንም ስላልነገርኩት።

እሺ በዪኝ ወይም እምቢ በዪኝ። እምቢ ካልሽ ስለ ጋሼ እጽፋለሁ፣ አጭርም ቢሆን። ወንድሙ ሐሙስ ሎጊያ ይደርሳል፤ አንድ ቀን ያድራል። እስከ ጠዋት ድረስ እንዲጠብቅሽ ነግሬዋለሁ።

እናትሽ ካሰች